የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የሌላት ልጅ ፓሪስ ድረስ እንዴት መጣች? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እኔ በደርግ ጊዜ ካርኪቭ ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሐዋሳ ነው የምኖረው። የፓሪስ ኦሎምፒክ ጊዜ ከልጅ ልጄ ጋር ስልክ ላይ ስናይ ባድሚንተን ላይ ፖሊና ቡህሮቫ የምትባል የዩክሬን ልጅ አየን፣ ኋላ ላይ የልጅ ልጄ ፈልጎ የካርኪቭ ልጅ ናት ሲለኝ ሆዴ ባባ። ስለዛ ከተማ አሁን የምሰማው መደብደቡን ብቻ ነው። ታዲያ ከዛ መሃል ተነስቶ ኦሎምፒክ መድረስ እንዴት ይቻላል? ዩክሬን ደሞ በባድሚንተን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ሜዳሊያ ያላገኘ ተጫዋች ስራው ምንድነው የሚባለው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጋሼ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፣ ምክንያቱም ባድሚንተንን የሚያይ ሰው ሁሉ እዛ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ቡህሮቫ የተወለደችው በ2004 ነው፣ ፓሪስ ላይ ስትጫወት ሃያ ዓመቷ ነበር። የፓሪሱን ወርቅ ኮሪያዊቷ አን ሴ ዮንግ ወሰደችው፣ ብሩን የቻይናዋ ሄ ቢንግጂያው፣ ነሐሱን የኢንዶኔዥያዋ ግሪጎሪያ ቱንጁንግ። እነዚህ ሶስቱ የመጡባቸውን ሀገሮች ይዩልኝ፣ ባድሚንተን እዛ እኛ ጋ ሩጫ እንደሚታየው ነው የሚታየው። ዩክሬን እንደዛ አይደለችም። ስለዚህ ከዩክሬን የመጣ ተጫዋች ሙያው ሜዳሊያ መቁጠር ሳይሆን ነጥብ መልቀም ነው፣ ቃል በቃል መልቀም፣ እንደ ቡና።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ለፓሪስ ማጣሪያው ከሜይ 1 2023 እስከ ኤፕሪል 28 2024 ድረስ ነበር፣ ዓመት ሙሉ ማለት ነው፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ተጫዋቹ ከተጫወታቸው ውድድሮች ጥሩ ጥሩዎቹ አስሩ ተደምረው ደረጃ ይወጣለታል። በነጠላ፣ አንድ ለአንድ በሚደረገው ጨዋታ ማለት ነው፣ አንድ ሀገር ሁለት ሰው የሚልከው ሁለቱም ከአንደኛ እስከ አስራ ስድስተኛ ካሉት ውስጥ ከሆኑ ብቻ ነው፣ ካልሆነ አንድ ነው። ችግሩ ነጥቡ ያለው ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ መሆኑ ነው። ሱፐር 1000 የሚባለው ደረጃ ላይ አንድ ተጫዋች የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸንፎ ሻንጣውን ይዞ ቢመለስ እንኳን 3000 ነጥብ ያገኛል። ታች ያለውን፣ ኢንተርናሽናል ሲሪስ የሚባለውን ውድድር ደሞ ሁሉንም አሸንፎ ዋንጫ ያነሳ ሰው የሚያገኘው 2500 ነው። ከዛም በታች ያለው ፊውቸር ሲሪስ አሸናፊው 1700። እና ትልቁ ውድድር ላይ ለመግባት ደረጃ ያስፈልግዎታል፣ ደረጃ ለማግኘት ደሞ ትልቁ ውድድር ያስፈልግዎታል። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፣ በየሳምንቱ አውሮፓ ውስጥ ካሉት ትንንሽ አዳራሾች ወደ አንዱ መሄድ፣ ማሸነፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሀገር፣ ከዛ ሌላ ሀገር። ተመልካቹ የሌሎቹ ተጫዋቾች ጓደኞችና አሰልጣኞች በሆኑበት አዳራሽ ማለት ነው። ለእኔ የዚች ልጅ ትልቁ ስራ እሱ ነው፣ እኛ ፓሪስ ላይ ያየነው የዛን መጨረሻ ነው።

አሁን ወደ ካርኪቭ ልመለስ። ጦርነቱ ፌብሩዋሪ 24 2022 ሲጀመር ቡህሮቫ አስራ ስምንት ከሞላች አንድ ወር እንኳን አልሞላትም ነበር። ካርኪቭ ደሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ከሩሲያ ድንበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ያለው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የተመታው። ለስፖርተኛ አስራ ስምንት ዓመት ከታዳጊ ወደ አዋቂ የሚሻገርበት ሰዓት ነው፣ ብዙ ጎበዝ ታዳጊ ሰላም ባለበት ሀገር እንኳን እዛ ላይ ነው የሚጠፋው። እሷ ያንን ድልድይ የተሻገረችው ሀገሯ እየተደበደበች ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር መንገዱ ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ የዩክሬን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ዝግ ነው። አንድ ተጫዋች ከካርኪቭ ተነስቶ ስፔን ወይ ፖርቹጋል ሊጫወት ቢፈልግ መጀመሪያ ሀገሪቱን ከምስራቅ እስከ ምዕራብ በባቡር ማቋረጥ አለበት፣ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ነው። ድንበሩ ላይ ደሞ የዩክሬን ሐዲድ ስፋቱ 1520 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፖላንዱ 1435፣ እና ብዙ ጊዜ ፕሼሚሽል በምትባለው የፖላንድ የድንበር ከተማ ላይ ወርደው ሌላ ባቡር ይይዛሉ፣ ከዛ ነው አውሮፕላን ጣቢያ ፍለጋ የሚኬደው። ይሄ ሁሉ እግር በባቡር ወንበር ተጣጥፎ ነው እንግዲህ፣ ባድሚንተን ደሞ ከምንም በላይ የእግር ጨዋታ ነው። ተጋጣሚው ከኮፐንሃገን በቀጥታ በርሮ፣ ተኝቶ፣ ቁርሱን በልቶ ነው የሚጠብቀው።

ዩክሬን በባድሚንተን ስትጠራ አልሰማሁም ላሉት ግን ትንሽ ልሟገትዎ። ለንደን 2012 ላይ ላሪሳ ግሪጋና ዲሚትሮ ዛቫድስኪ ነበሩ። ማሪያ ኡሊቲና ሪዮም ቶኪዮም ተጫውታለች፣ አርቴም ፖችታሮቭም እንደሷ ሁለቱም ላይ። ሁለት ኦሎምፒክ ማለት ያንን ነጥብ የመልቀም ዓመት ሁለቴ ማለፍ ነው፣ የቶኪዮው ደሞ በኮቪድ ተቋርጦ የተራዘመው ነው። እርስዎ የተማሩበት ከተማም ካርኪቭ ኢንተርናሽናል የሚባል የራሱ ውድድር ነበረው፣ የውጭ ተጫዋቾች ወደዛ ይመጡ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን በ2021 የአውሮፓ ሻምፒዮና የተካሄደው ኪየቭ ነው። ከኤፕሪል 27 እስከ ሜይ 2፣ በሴቶቹ የስፔኗ ካሮሊና ማሪን እዛ አሸነፈች፣ በወንዶቹ የዴንማርኩ ቪክቶር አክሰልሰን ፍጻሜ ደርሶ ኮቪድ ተገኘበትና ሳይጫወት ቀረ፣ ዋንጫው ለሀገሩ ልጅ ለአንደርስ አንቶንሰን ሄደ። አውሮፓ በሙሉ ራኬቱን ይዞ ኪየቭ መጣ ማለት ነው። ከአስር ወር በኋላ እዛው ከተማ ሰው ከድብደባው ሸሽቶ ምድር ስር ባለው የሜትሮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያድር ነበር። እኔ ይሄንን ሳስብ እስካሁን ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ስለ ዩክሬን ሴት ተጫዋቾች ስታወሩ ደጋግሜ አነባለሁ፣ ወንዶቹስ የት ሄዱ? ጦር ሜዳ ናቸው? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ በሕጉ ምክንያት ነው ነገሩ የተለያየው። ጦርነቱ እንደጀመረ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶች ከሀገር እንዳይወጡ ተከለከለ። በ2025 ክረምት ላይ ነው እስከ 22 ዓመት ላሉት የተፈታው። የብሔራዊ ቡድን ስፖርተኛ በመንግስት ፈቃድ ለውድድር መውጣት ይችላል፣ ግን ፈቃዱ ለተወሰነ ጉዞ ነው። ሴቶቹ አንዴ ወጥተው ሶስት አራት ውድድር አከታትለው መጫወት ይችላሉ፣ ወንዱ ለያንዳንዱ ወረቀት ይዞ መዞር ሊኖርበት ነው። የዓለም ደረጃ ደሞ የሚቆጠረው ባለፉት 52 ሳምንታት ውጤት ነው፣ ዓመት የሞላው ነጥብ በየሳምንቱ ይወድቃል፣ ስለዚህ አንድ ሁለት ወር ሳይጫወት የቀረ ሰው ቁጭ ባለበት ደረጃው ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ እኔ 13 ዓመቴ ነው፣ ስቶክሆልም ነው የምኖረው፣ ባድሚንተን ክለብ ውስጥ እጫወታለሁ። እማዬ በዚህ እንጀራ አይበላም ትለኛለች። እንደ ዩክሬኗ ልጅ ፕሮፌሽናል ብሆን ብር አገኛለሁ ወይ? (አንባቢ፣ ከስቶክሆልም)

መልስ፦ የኔ እህት፣ እማዬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ግን ሙሉ በሙሉም ልክ አይደሉም። ከላይ ያልኳቸው ትንንሽ ውድድሮች፣ በተለይ ፊውቸር ሲሪስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ሽልማት የላቸውም። ትኬቱ፣ ሆቴሉ፣ መመዝገቢያው ከኪስ ነው ወይ ከፌዴሬሽን። የምስራቅ አውሮፓ ተጫዋቾች ብዙዎቹ የሚኖሩት በክለብ ሊግ ነው፣ የጀርመን፣ የፈረንሳይ፣ የዴንማርክ፣ የፖላንድ ክለቦች የውጭ ተጫዋች ቀጥረው ለሊጉ ጨዋታ ይከፍላሉ፣ በዛች ብር ደሞ የሚቀጥለው ውድድር ትኬት ይገዛል። ብዙ ሰው ይሄንን አያውቅም፣ ኦሎምፒክ ላይ ያለ ሁሉ ሀብታም ይመስለዋል።

ወጪውን ደሞ እጅሽ ላይ ታይዋለሽ። አንዷን ሻትል፣ የባድሚንተኗን ባለላባ ኳስ ማለቴ ነው፣ አንሺና ላባዋን ቁጠሪ፣ አስራ ስድስት ላባ ነው፣ ጥሩዎቹ የዝይ ላባ ናቸው፣ ክብደቷ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። እኔ አንድ ጊዜ ልምምድ ሊያልቅ ሲል ከወለል ላይ አንዷን አንስቼ በጣቴ ስነካት ከላባዎቹ አንዱ ብቻ ነበር መሃሉ ላይ የታጠፈው፣ ሌላው ንጹህ ነው፣ ግን ስመታት እየተንቀጠቀጠች ወደ ጎን ሄደች። በቃ ተጣለች። አስራ ሁለት የሚይዘው ቱቦ በአንድ ጠንካራ ልምምድ ባዶ ይሆናል፣ አሰልጣኝ ተራ በተራ እየወረወረ የሚያስመታ ከሆነ ደሞ ብዙ ቱቦ ነው የሚያልቀው። ፕሮፌሽናል የሚሆን ሰው ይሄንን በሳምንት አምስት ስድስት ቀን ያደርገዋል።

ስለዚህ አሁን ብሩን ተይው። አንቺ ያለሽበት ቦታ ጥሩ ነው፣ ባድሚንተን የሚበረታባት ዴንማርክ በባቡር የሚደረስባት ናት፣ ከካርኪቭ የሚነሳ ተጫዋች እዛ ለመድረስ የሚያቋርጠውን ያክል መንገድ የለብሽም። አሰልጣኝሽን በዚህ ዓመት በእድሜሽ የሚደረጉ ውድድሮች የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቂውና ሁለት ብቻ ምረጪ። እማዬን ደሞ አንዱን ይዘሻቸው ሂጂ፣ በሶስተኛው ጌም፣ በመጨረሻው ዙር ማለት ነው፣ 19 ለ 19 ሆነሽ ሲያዩሽ ከዛ በኋላ ስለ እንጀራው እንደገና ታወራላችሁ። ትምህርትሽን እንዳትለቂ፣ ውጤትሽንም ጻፊልን።