እምቦጭ ደቦ አይበቃውም

ልጆቼ፣ ለእምቦጭ ነቀላ ወደ ጣና ልትወርዱ ነው አሉ። እሰይ! እኔ በሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ስንት ዓመት የግብርና ባለሙያ ሆኜ ሠርቼ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ከመሄዳችሁ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በ2004 ዓ.ም. ሲነገር ብዙዎቻችን ናቅነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ ቆቃ ሐይቅ ላይ ከኛ በፊት ስንት ዘመን አስቸግሯል። ግን አበባው ያምራላ! ሐምራዊ ነው፤ ሰው እየቀጠፈ ፎቶ ይነሣበት ነበር።

በመጀመሪያው ዘመቻችን ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ። እስከ ወገቡ ውኃ ገብቶ፣ አልቅት እየተጣበቀበት ሲነቅል ዋለ። እርጥብ እምቦጭ አብዛኛው ውኃ ነው፤ አንድ ሸክም ወገብ ይቆርጣል። እየመሸም ነበር። እኔ አስተባባሪው "በቃ፣ እዚሁ ዳር ላይ ከምሩት" አልኩ። አጨበጨብን፣ ወደ ቤታችን ገባን።

ክረምት ገባ። ሐይቁ ሞላና ክምሩን መልሶ ወሰደው። ዝናቡ ሲያባራ ብንወርድ ውኃው ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሷል። ታንኳ መቅዘፊያ እንኳ ቦታ የለም።

ባህር ሸሽ ላይ፣ ሐይቁ ሲሸሽ በሚገለጠው መሬት፣ ሽምብራ የሚዘሩ አንድ አባት አጠገቤ ቆመው አዩትና፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ ደቦ አይበቃውም። ወንፈል ነው የሚፈልገው" አሉኝ።

ከተማ ላደጋችሁ ላስረዳ። ደቦ የአንድ ቀን ነው፤ ጠላ ይጠመቃል፣ እየተዘፈነ ይሠራል፣ ያልቃል። ወንፈል ግን ተራ ነው። ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለኔ። ከቀረህ ዕዳ አለብህ።

ነገሩ የገባኝ ነፋሱን ሳይ ነው። አንድ ቀበሌ ዳሩን ጥርግ አድርጎ ያድራል፤ ጠዋት ነፋሱ የጎረቤቱን እምቦጭ ገፍቶ ያመጣለታል። ስለዚህ ጎረቤት ቀበሌዎች በተራ፣ አንዱ በሌላው ዳር መነቀል ነበረባቸው። ቀላል አልነበረም። "የሰው ዳር ምን ቤቴ ነው?" የሚል አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ያስማሙን የእድር ዳኞች ናቸው። የቀረ እንደ እድሩ ይቀጣ ተባለ። እኔ በስብሰባ ያቃተኝን እነሱ በአንድ እሑድ ጨረሱት።

ማሽንም መጥቶ ነበር፤ ውጭ ያሉ ወገኖች ጭምር ገዝተው ልከዋል። ግን ውኃው ባነሰበት ዳር ላይ አይሠራም። እዚያ የሚገባው ሰው ነው። ዘሩም ጭቃ ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። አስቡት፤ ዛሬ የተወለደ ልጅ አድጎ ሊነቅለው ይችላል።

እንግዲህ ቦቲ ጫማ ያዙ። ሳያብብ ድረሱበት፣ ከነሥሩ ንቀሉ፤ ቁራጩም ይባዛል። ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ለአስተባባሪው ደውሉና፣ የተነቀለው የት እንደሚደርቅ፣ በማን ጋሪ እንደሚጓዝ ጠይቁት። "ዳር ላይ እንከምረዋለን" ካላችሁ፣ ያን ቀን ነቀላውን ተዉትና ጋሪ ስትፈልጉ ዋሉ።