በካርቦን እግር የሚሮጥ ሰው ያላግባብ ይቀድማል? ጠይቁኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሰሜን ሸዋ ሩጫ ወዳጆች። ሰሞኑን እዚህ ቤት ክርክር ተነስቷል። ጀርመናዊው ማርከስ ሬም በሰው ሠራሽ እግር ተነስቶ 8 ሜትር ከ72 ሲዘል የሚያሳይ ቪዲዮ ተለጠፈ። ገሚሱ «ጀግና!» አለ። ገሚሱ «ይሄማ በስፕሪንግ ነው» አለ። እስቲ አንተ መልስ ተባልኩ፣ እሺ አልኩ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ነው ያደግሁት። ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። በጀሶ ስለካ፣ ፕላስቲክ ስጋግር፣ ስሞርድ ነው የኖርኩት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አንድ እግሩን ያጣ ሯጭና ሁለቱንም ያጣ ሯጭ አንድ አይደሉም። ሁለቱን ያምታታ ሰው ሁሉን ነገር ያምታታል።

የሸኖው ሯጭ፦ ጋሼ፣ በአጭሩ ይንገሩን። ጥቅም ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?

በአጭሩ አይመለስም። ስንት እግር ነው የጠፋው? ከጉልበት በላይ ነው በታች? ሩጫ ነው ዝላይ? ስንት ሜትር? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

መምህርቷ ከሸዋሮቢት፦ ብሌዱ፣ ያ የመሮጫው የካርቦን እግር፣ እንዴት ነው የሚሠራው? ሞተር አለው እንዴ? ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ መልስ አጣሁ።

ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ሞተር የለውም። ባትሪም የለውም። የካርቦን ፋይበር በንብርብር ተደርቦ፣ ተጋግሮ፣ ማጭድ የመሰለ ቅርጽ ይዞ ይወጣል። የፈጠረው አሜሪካዊው ቫን ፊሊፕስ ነው። እሱም በ1976 አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። ስሙን በአቦሸማኔ አወጡለት፣ «ቺታ» ብለው።

ሲረገጥ ይታጠፋል። ሲለቀቅ ይዘረጋል። ከተጫነው ጉልበት ከ90 በመቶ በላዩን ይመልሳል። ሰዎች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። ግን መለሰ እንጂ አልጨመረም። ተማሪዎችሽን እጃቸውን ባታቸው ላይ አሳርፈው በጣታቸው እንዲቆሙ አድርጊያቸው። ያ ጠጠር ብሎ የሚወጣው ጡንቻ ከራሱ ጉልበት አምጥቶ ይጨምራል። ብሌድ ይህን አይችልም። ስለዚህ ሯጩ ከመነሻው ሲነሳ ይጎተታል። የሚገፋበት ቁርጭምጭሚት የለውም። ጉልበቱን ከዳሌና ከጭን ነው የሚያመጣው። ፍጥነት ከያዘ በኋላ ግን ሌላ ነው። እግሩ ከታች ቀላል ስለሆነ ቶሎ ወደፊት ይወነጨፋል፣ ባቱም አይዝልበትም፣ ምክንያቱም ባት የለም። መታጠፊያው ላይ ደግሞ እንደገና ይለወጣል። በመም ላይ የሚዞረው ወደ ግራ ነው። ግራ እግሩ የተቆረጠ ሯጭ ቀኙ ከተቆረጠው ይልቅ መታጠፊያው ይከብደዋል። አየሽ፣ በአንድ ዙር ውስጥ ብቻ ስንት ነገር አለ።

ቪዲዮ ላይ የማይታየው ደግሞ ሶኬቱ ነው። ሶኬት ማለት የተቆረጠው እግር ጫፍ የሚገባበት ቀፎ ነው። የቀረው እግር ቀኑን ሙሉ መጠኑ አንድ አይደለም። በኛ ብርድ ጠዋት ይኮማተራል፣ ሲሮጥ ያልበዋል፣ ይንሸራተታል። ሰውየው ካልሲ ይደርባል፣ ይቀንሳል። አንድ ከመንዝ የመጣ ልጅ ነበር። አያቱ ከበግ ጸጉር ፈትለው ካልሲ ሠርተውለታል፣ የሚሞቅ፣ የሚያምር። መጋጠሚያው ላይ ግን እንደ ምስር ፍሬ የምታህል ቋጠሮ ነበረች። ሦስተኛ ዙር ላይ ቆመ። ሶኬቱን ሲያወልቅ ነጩ ሱፍ ቀልቷል። ያቺን ቋጠሮ በጣቴ ዳስሼ ነው ያገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ስለ ብሌድ ጥቅም የሚያወራኝን ሁሉ መጀመሪያ ሶኬት አይተህ ታውቃለህ ብዬ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ ሶኬቱ ሳይገጥም ማንም እንዳይሮጥ።

ጣርማበር፦ እና ስፕሪንግ አለው ማለት ነው?

ከላይ ጽፌዋለሁ። አንብብ።

አሰልጣኝ ከጠባሴ፦ የፒስቶሪየስ ጉዳይ መጨረሻው ምን ነበር? ታግዶ ነበር፣ ከዚያ ኦሊምፒክ ሮጠ። የትኛው ነው ትክክል?

ሁለቱም ሆኗል። ደቡብ አፍሪካዊው ሯጭ ኦስካር ፒስቶሪየስ ሁለቱም እግሩ ከጉልበት በታች የለም። ልብ በሉ፣ ሁለቱም። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበሩ በ2007 ስፕሪንግ ያለበትን መሣሪያ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ኮሎኝ ውስጥ አስመረመሩት። ፕሮፌሰር ብሩገማን በእኩል ፍጥነት ሲሮጥ ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ ጉልበት ነው የሚያወጣው አሉ። በጥር 2008 ታገደ።

እሱ ይግባኝ አለ። ሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በግንቦት እግዱን ሻረው። ለምን? ምርመራው ቀጥ ባለ መስመር፣ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ያለውን ብቻ ነው የለካው። መነሻ ላይ የሚያጣውን አልቆጠረም። ሚዛን ላይ አንዱን ሳህን ብቻ መመዘን ማለት ነው። በ2012 ለንደን ላይ 400 ሜትር ሮጦ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

ግን ፍርዱ ለእሱና ለዚያ ብሌድ ብቻ ነበር። «ብሌድ ጥቅም የለውም» አላለም። ለእሱ የቆሙት ሳይንቲስቶችም በዓመቱ ተለያዩ። ፒተር ዌያንድ የሚባለው፣ እግሩን የሚያወናጭፍበት ፍጥነት ከሰው የተፈጥሮ ልክ ውጭ ነው አለ። ሮጀር ክራምና ሂዩ ሄር ደግሞ በብሌድ መሬትን የሚገፋበት ኃይል ያንሳል፣ መወናጨፉ ያንን ለማካካስ ነው አሉ። አብረው የለኩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እናንተ በአንድ ቪዲዮ አትፍረዱ።

ባሶና፦ ሰውየው በኋላ ነፍስ አጥፍቶ የለም እንዴ? ለምን ምሳሌ ታደርገዋለህ?

ጥፋቱን ፍርድ ቤት አይቶታል። እዚህ የምናወራው ስለ ብሌድ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ። ዛሬ ሁሉም ካርቦን ያለበት ጫማ ያደርጋል። አካለ ስንኩሉ ካርቦን ሲያደርግ ብቻ ነው የሚጮኸው?

አሰልጣኝ ከጠባሴ፦ በመጀመሪያ «አካል ጉዳተኛ» በል። ሁለተኛ፣ ጫማና እግር አንድ አይደለም። ጫማ ማንም ገዝቶ ያደርጋል። እግር የሚቀይር የለም።

የመንዝ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ቃሉን አርሜያለሁ። ግን ማንም ገዝቶ ያደርጋል ያልከው አይዋጥልኝም። ትዕግስት አሰፋ በርሊን በ2023 2:11:53 ስትገባ ያደረገችው ጫማ ዋጋ ስንት ነው? እዚህ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡት ልጆች በተረፈ ጫማ ነው የሚሮጡት።

አሰልጣኝ ከጠባሴ፦ ትዕግስት በጫማ ነው ያሸነፈችው እያልክ ነው?

የመንዝ ልጅ፦ ማን አለ! እያልኩ ያለሁት…

በቃ፣ ወደ ጉዳያችን። ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። ጫማውም ገደብ አለው፤ ከ2020 ጀምሮ የጎዳና ሩጫ ጫማ ሶሉ ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ካርቦኑም ከአንድ ንጣፍ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ብሌድም ገደብ አለው፣ እመጣበታለሁ። አበበን ግን በባዶ እግሩ ብቻ አታንሱት። የዚሁ የኛው አገር፣ የጃቶ ልጅ ነው። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። የማራቶን ንጉሥ ቀስት ይዞ ከጀማሪ እኩል ተሰለፈ። የፓራ ስፖርት ታሪካችን ሲነሳ እሱም አብሮ መነሳት አለበት። ይሄን ለልጆቻችን አንነግርም፣ ይቆጨኛል።

ሚዳ፦ የሬም ዝላይስ? 8.72 ማለት የኦሊምፒክ ወርቅ ነው እኮ!

አዎ፣ ቶኪዮ ላይ ወርቁ የተወሰደው በ8.41 ነው። ሬም አንድ እግሩ ነው ከጉልበት በታች የሌለው፣ ቀኙ። መሬት ለቆ የሚነሳውም በዚያው በብሌዱ ነው። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2014 የጀርመን ሻምፒዮና ከሙሉ አካል ዘላዮች ጋር ገብቶ በ8.24 አሸነፈ። ለአውሮፓ ሻምፒዮና ግን አልወሰዱትም። በኋላ ተመራማሪዎች ለኩት። ሲንደረደር ከሌሎቹ ይዘገያል፣ ሲነሳ ግን የተሻለ ይነሳል አሉ። አንዱ አንዱን ምን ያህል እንደሚያካክስ በቁጥር መናገር አልቻሉም።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ ዝላይ ላይ ጥርጣሬው ከሩጫ ይልቅ ክብደት አለው። ሯጭ መቶ ጊዜ ነው የሚረግጠው፣ የሚያጣውም የሚያገኘውም ይቀላቀላል። ዘላይ ግን ነገሩ ሁሉ ያለቀው በአንዲት እርግጫ ነው። ያቺ እርግጫ በብሌድ ከሆነች፣ አብሮት የሚዘለው ሰው ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ሬም አታለለ ማለት ግን አይደለም። የተፈቀደ መሣሪያ ነው። ለዓመታት ለፍቶበታል።

የሸኖው ሯጭ፦ እሺ ጋሼ፣ ይዤ መጣሁ። ሁለት እግር፣ ከጉልበት በታች፣ 400 ሜትር።

አሁን ገባህ። ሁለቱም እግር ሲጠፋ ቁመቱን የሚወስነው ማነው? የሚሠራው ባለሙያ ነው። አንድ እግር የቀረለት ሰው ብሌዱ ከቀረው እግር ጋር መመጣጠን አለበት፣ አለዚያ ያነክሳል። ሁለቱም የሌሉት ግን ረዘም ተደርጎ ሊሠራለት ይችላል። እርምጃውም አብሮ ይረዝማል። እኔም ወርክሾፕ ውስጥ ሁለቱንም እግር ስሠራ ሰው «ትንሽ አስረዝመኝ» ይለኛል። እንኳን ለወርቅ፣ ለሠርግም ይጠይቁኛል።

በ2012 ለንደን ፓራሊምፒክ 200 ሜትር ላይ ብራዚላዊው አላን ኦሊቬራ ፒስቶሪየስን በ21.45 ቀደመው። ፒስቶሪየስ ያኔ ምን አለ? የሱ ብሌድ ረዝሟል ብሎ አማረረ። ስለዚህ ጥያቄው በብሌድ ሯጮች መካከልም አለ። በ2018 ደንቡ ጠበቀ። የክንድ ርዝመት፣ ተቀምጦ ያለው ቁመት፣ ጭን ይለካና ሰውየው እግር ቢኖረው ምን ያህል ይቆም ነበር ተብሎ ጣሪያ ይወሰናል። አሜሪካዊው ብሌክ ሊፐር ከዚያ ጣሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ በልጦ ተገኘ። በ2020 ያው የሎዛኑ ፍርድ ቤት ፈረደበት። ግን እዚያው ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተባለ። ጥቅም አለመኖሩን አትሌቱ ያስረዳ የሚለው ደንብ ልክ አይደለም፣ ጥቅም አለ የሚለው ማኅበር ነው ማስረዳት ያለበት ተባለ። እኔ ይህን ፍርድ ወድጄዋለሁ። ከሳሽ ያስረዳ።

ጣርማበር፦ ሪዮ ላይ ማየት የተሳናቸው ሯጮች ከኦሊምፒኩ አሸናፊ ፈጥነው ገቡ ይባላል። ያም በመሣሪያ ነው?

አይ አንተ! ማየት የተሳነው ሰው ምን ብሌድ አለው? 1,500 ሜትር ነው። ሪዮ ላይ የኦሊምፒኩ ወርቅ በ3:50.00 ነው የተወሰደው። ተያይተው፣ ተጠባብቀው ቀስ ብለው ሮጠው መጨረሻ ላይ ነው የፈነዱት። የፓራሊምፒኩ ሩጫ ግን ከዚያ ፈጠን ያለ ነበር። አራት ሰዎች ከ3:50 በታች ገቡ፣ ሁለተኛው የኛው ታምሩ ደምሴ ነው፣ በ3:48.49። የርቀቱ ክብረ ወሰን 3:26 ነው። ሰዓት ከሰዓት ስታወዳድር ውድድሩ እንዴት እንደተሮጠ እይ።

መምህርቷ ከሸዋሮቢት፦ ትዕግስት ገዛኸኝ ቶኪዮም ፓሪስም ወርቅ አመጣች፣ ያየሽ ጌቴም ፓሪስ ላይ። ሁለቱም የማየት ጉዳት ባለባቸው ምድብ ነው። በብሌድ የሚሮጥ የኛ ሰው ለምን አናይም?

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ብሌድ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ብሌዱ ቢገኝ ከሰውየው ክብደት ጋር የሚመጣጠን ጥንካሬ ያለው መሆን አለበት፣ የተረፈ ዝም ብሎ አይሰጥም። ሶኬቱ በየጊዜው ይቀየራል። እዚህ የምንሠራው በፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ነው፣ ለመራመድ፣ ለማረስ፣ ገበያ ለመሄድ። ጠንካራ ነው፣ እኮራበታለሁ። ግን የመሮጫ አይደለም። ለእሱም ቢሆን ስንቱ ሰው ከሩቅ ይመላለሳል። ስለ ፍትሕ ካወራን አንዱ ሦስት ብሌድ አሰልፎ ይመርጣል፣ ሌላው ክራንች ይጠብቃል። ይህ ልዩነት በየትኛው ምርመራ ይለካ?

ባሶና፦ እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ምን ትቀባ?

ሐኪም ቤት ውሰዳት።

እናት ከአንኮበር፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ግራ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። በመራመጃው እግር ትምህርት ቤት ይሮጣል። ልከልክለው ወይስ ልተወው? ሰዉ እዚህ ስለ ጥቅም ሲከራከር ሳይ ገረመኝ።

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስለጠየቁኝ። ሩጫውን አይከልክሉት። ማታ ማታ እግሩን ያውልቁና ቆዳውን በብርሃን ይዩት። ቀልቶ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከጠፋ ደህና ነው። ካልጠፋ፣ ወይም ውሃ ከቋጠረ፣ እስኪሽር አይሩጥ። ደግሜ መናገሬ ነው፣ ሶኬቱ ሳይገጥም ማንም አይሮጥም። በዚህ ዕድሜው በፍጥነት ያድጋል፣ አምና የተሠራው ዘንድሮ ይጠበዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፕ አለሁ፣ ይምጡና ልየው። ካልሲዎቹን በሙሉ ይዘው ይምጡ፣ የታጠበውንም ያልታጠበውንም። መጋጠሚያቸውን አንድ በአንድ እዳስሰዋለሁ።