የሐይቅ ዳር ድንኳንና የቀዘፋ ሠልጣኞች

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ቤተሰቤን ይዤ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ድንኳን በተከልኩ ጊዜ፣ የቀዘፋ ሠልጣኞች ታንኳዎቻቸውን አሸዋው ላይ ደርድረው ለልጆቼ መዋኛ አሳጧቸው። ቅድሚያው የማን ነው?

መልስ፦ የብርድ አገር ሰው ለሞቃት ሐይቅ ያለውን ጉጉት እንረዳለን፤ ሆኖም ከፍሎ የገባ ሁሉ እኩል እንግዳ በመሆኑ፣ ዳርቻውን መከፋፈል ያለበት የካምፑ አስተዳደር ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማና ድፍርስ ስለሆነ ከውሃው ገጽ በታች ያለ ዋናተኛ ለቀዛፊ አይታይም፤ ስለዚህ የመዋኛውን ክልል በገመድና በተንሳፋፊ ምልክት መለየት ከጨዋነትም በላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ጀማሪ ቀዛፊ ስለሚቸገር፣ ማለዳውን ለሠልጣኞቹ ቢለቁላቸው መልካም ነው። መተላለፊያ ላይ የተከመረ ታንኳ ግን ሥልጠና ስላለ ብቻ አይፈቀድም፤ እንዲያነሱት አሠልጣኙን በትሕትና ይጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ለአስተዳደሩ ያመልክቱ።