ሪቤት የሚለቅመው ሶፍትዌር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ኡበር እሠራለሁ። አንድ ልጅ በቴሌግራም የአሜሪካ አክሲዮን በራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ሶፍትዌር በ2,400 ዶላር ይሸጣል። ቀኑን ሙሉ እየገባ እየወጣ አንዳንድ ሳንቲም ይለቅማል፤ ዋጋው ባይነቃነቅ እንኳ ገበያው ራሱ ሪቤት ይከፍልሃል ይለኛል። ዴሞ ላይ፣ ማለትም እውነተኛ ገንዘብ በሌለበት የመለማመጃ አካውንት፣ ሁለት ሳምንት ሞከርኩት፣ በየቀኑ አተረፈ። በሚቀጥለው ወር 30,000 ዶላር እቁብ ይደርሰኛል። ላስገባው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታስገባው። ልጁ የነገረህ ሁሉ ውሸት ስላልሆነ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

ሪቤት በእርግጥ አለ። ናስዳክን በመሰለ የአክሲዮን ገበያ ሁለት ዓይነት ኦርደር፣ ማለትም የመግዣ ወይም የመሸጫ ትዕዛዝ፣ ይመጣል። አንዱ «በ10 ዶላር ከተገኘ እገዛለሁ» ብሎ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሌላው መጥቶ የተሰለፈውን ወዲያው ያነሳል። ገበያው ከሚያነሳው ሰው ክፍያ ይቀበልና ከፊሉን ለጠበቀው ይመልስለታል። ሪቤት ማለት ይኸው ነው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ የሆነው ኤስኢሲ በ2005 ባወጣው ደንብ፣ ዋጋው 1 ዶላርና ከዚያ በላይ በሆነ አክሲዮን ላይ ክፍያው በአንድ አክሲዮን ከ0.30 ሳንቲም እንዳይበልጥ ወስኗል። የዶላር ሳይሆን የሳንቲም ክፍልፋይ መሆኑን ልብ በል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ የነጋዴዎችን ኦርደር እየተከታተልኩ ስሠራ፣ በዚህች ሪቤት ብቻ የሚኖሩ ሰዎች አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ እንደ ሉሰንት ወይም ሰን ማይክሮሲስተምስ ባሉ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ይቀመጡ ነበር። ዋጋቸው ርካሽ፣ ገበያቸው የደራ አክሲዮኖች ስለነበሩ ነው። በገዙበት ዋጋ መልሰው ሸጠው ሪቤቷን ይዘው ይወጣሉ። አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ምሳውን እንኳ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ነበር የሚበላው። የሚያየው ቻርት አልነበረም፤ ሰልፉን ነበር። አብረውት ሊገዙ የቆሙት 200,000 አክሲዮን ከሆኑ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቁጥሩ ወደ 20,000 ሲሳሳ ኦርደሩን ሰርዞ ይወጣል። ሰልፉ ሲሳሳ ዋጋው ሊወርድ መሆኑን ያውቃላ! ሙያው ያ ነበር፤ መግዛቱ ሳይሆን በጊዜ መሰረዙ።

ዛሬ ያንን ሰልፍ የሚመሩት ማሽኖች ናቸው። የናስዳክ ማሽኖች ኒው ጀርዚ ካርተረት፣ የኒው ዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ ደግሞ እዚያው ኒው ጀርዚ ማዋ ናቸው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ኮምፒውተራቸውን እዚያው ሕንፃ ውስጥ አስቀምጠዋል። ያንተ ሶፍትዌር ከአሌክሳንድሪያ፣ ከቤትህ ዋይፋይ ተነስቶ እስኪደርስ ሰልፉ ተይዟል። ከኋላ የቆመ ሰው ተራ የሚደርሰው ከፊቱ ያለው ሁሉ ሲያልቅ ነው። ሁሉም የሚያልቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ሊወርድ ሲል ነው። ስለዚህ ገዛህ፣ ወዲያው ወረደብህ። ዋጋው ሊጨምር ሲል ግን ተራው አይደርስህም።

ብዙ ዴሞ ይህን ሰልፍ አያውቀውም። ዋጋው 10 ዶላርን ከነካ «ገዝተሃል» ይልሃል። እውነተኛው ገበያ ላይ ግን ከፊትህ ያሉት ገዝተው አንተ ባዶ እጅህን ትቀር ነበር። የሁለት ሳምንቱን ትርፍ እንደ ማስረጃ አትያዘው የምልህ ለዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንይ። 1,000 አክሲዮን ገዛህ እንበል፤ ሪቤቱ በአንዱ 0.20 ሳንቲም ቢሆን 2 ዶላር ነው። ስትሸጥም ተሰልፈህ ከሆነ ሌላ 2 ዶላር፣ በድምሩ 4። ሪቤት ለደንበኛ የሚያሳልፍ ብሮከር (ኦርደርህን ወደ ገበያው የሚወስድልህ ድርጅት) ግን ብዙውን ጊዜ ኮሚሽን ያስከፍላል። በአንድ አክሲዮን 0.35 ሳንቲም ቢሆን ደርሶ መልሱ 7 ዶላር ነው። 4 ተቀብለህ 7 ከፈልክ። ዋጋው በአንድ ሳንቲም ብቻ ቢወርድብህ ደግሞ ሌላ 10 ዶላር ሄደ። ኮሚሽን የማያስከፍሉትን የስልክ መተግበሪያዎች እጠቀማለሁ ካልክ ሪቤቱን ጭራሽ እርሳው። ኦርደርህ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ገበያው ሳይሆን እንደ ሲታዴል ሴኩሪቲስና ቪርቱ ወዳሉ ድርጅቶች ነው፤ እነሱም የሚከፍሉት ለመተግበሪያው ባለቤት ነው እንጂ ላንተ አይደለም።

ይባስ ብሎ ኤስኢሲ በሴፕቴምበር 2024 የክፍያውን ጣሪያ ወደ 0.10 ሳንቲም ለማውረድ ወስኗል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢገፋም፣ ክፍያው ከቀነሰ ሪቤቱም ይቀንሳል። ልጁ የሚሸጥልህ እየጠበበ ያለ ነገር ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን «በራሱ ይሠራል» የሚለው ነው። ናይት ካፒታል በዎል ስትሪት ስመ ጥር ድርጅት ነበር። ኦገስት 1 ቀን 2012 አዲሱ ሶፍትዌር ከሰርቨሮቹ አንዱ ላይ ሳይጫን ቀርቶ አሮጌው ኮድ ተነሳ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። ሙሉ የባለሙያ ቡድን እያለ ማለት ነው። አንተ መንገደኛ ጭነህ ደለስ ኤርፖርት ስትሄድ ቦቱን፣ ያንን በራሱ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ ማን ይጠብቀዋል? ልጁ? ስልኩን ያነሳልሃል?

ታክሱንም አትርሳ። ከዓመት በታች ይዘህ የሸጥከው ትርፍ እንደ ደመወዝ ነው የሚታክሰው። ኪሳራ ግን ከሌላ ገቢህ ላይ በዓመት የሚቀነስልህ እስከ 3,000 ዶላር ብቻ ነው። የሸጥከውን አክሲዮን በ30 ቀን ውስጥ መልሰህ ከገዛህ ደግሞ ኪሳራው ለጊዜው አይያዝልህም፤ ቦቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሁንም ካላመንከኝ ልጁን አንድ ነገር ጠይቀው። የስክሪን ፎቶ ሳይሆን ከእውነተኛ አካውንት የወጣ የስድስት ወር የብሮከር ስቴትመንት ያሳይህ፤ ኮሚሽኑና ሪቤቱ ለየብቻ የተጻፈበት። ካሳየህ ስምና የአካውንት ቁጥሩን ሸፍነህ ላክልኝ፣ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን። እስከዚያ እቁቡ ባንክ ይቀመጥ።