«ብቻ» የት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ በሎስ አንጀለስ ነዋሪ ነኝ። በቅርቡ ዜግነት ላገኙ ወገኖቻችን የካሊፎርኒያን ምርጫ የሚያስረዳ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ለመራጩ የቀረበውን ፕሮፖዚሽን 42 «የቤንዚን ታክስ ብቻ ለአውራ ጎዳና ጥገና እንዲውል የሚጠይቅ ሕዝበ ውሳኔ» ብዬ ተረጎምሁት። ወዳጄ ግን «‹ብቻ›ን አውጣው፤ ‹ይውላል› ካልህ ይበቃል» አለኝ። ማንኛችን ትክክል ነን?

መልስ፦ «ብቻ»ን መያዝዎ ትክክል ነው፤ ያስቀመጡበት ቦታ ግን ዐረፍተ ነገሩን ገልብጦታል። በዚህች ትንሽ ቃል አቀማመጥ ብዙ ጊዜ ስለምከራከር ጥያቄዎን ሳላሳድር ልመልስ።

በአማርኛ «ብቻ» የሚወስነው የቀደመውን ቃል ነው። «የቤንዚን ታክስ ብቻ ለመንገድ ጥገና ይውላል» ሲባል መንገዱ ከሌላ ምንጭ ሳንቲም አያገኝም ማለት ነው፤ የታክሱ ገንዘብ ግን ለትምህርት ቤትም ለእስር ቤትም ቢሄድ ዐረፍተ ነገሩ አይከለክልም። «የቤንዚን ታክስ ለመንገድ ጥገና ብቻ ይውላል» ሲባል ደግሞ የታጠረው ገንዘቡ ነው። መራጩ የተጠየቀው ይህን ሁለተኛውን ነበር። የእርስዎን ትርጉም አንብቦ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ያልቀረበለትን ሐሳብ ሊደግፍ ወይም ሊቃወም ነው።

የወዳጅዎን አስተያየት ከሌሎችም እሰማዋለሁ። «ብቻ» ትርፍ ቃል ነው፣ ግሡ ራሱ ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም። «ውሎ ዋለ» ከምንልበት «ዋለ» የመጣው «ይውላል» አገልግሎትን ይናገራል እንጂ አጥር አያጥርም። «ተልባ ለመጠጥ ይውላል» ያለ ሰው ለፍትፍት አይሆንም አላለም። አጥሩ ያለው «ብቻ» ላይ ነው፤ የቃሉ ዘር ራሱ ይመሰክራል። በግዕዝ «ባሕቲት» ብቸኝነት ነው፤ «ባሕቲቱ» ብቻውን፣ «ባሕታዊ» ከሰው ተለይቶ የሚኖር። አማርኛ «ሐ»ን ጥሎ «ተ»ን ወደ «ቸ» ለውጦ አጥብቆ ያነባል። ስለዚህ ገንዘብን «ለመንገድ ብቻ» ስንለው ባሕታዊ ማድረጋችን ነው፤ ከሌላ ወጪ ጋር አይቀላቀልም።

የካሊፎርኒያ ታሪክም ከእኔ ጋር ይቆማል። ፕሮፖዚሽን 42 በቤንዚን ላይ የሚከፈለውን የግዛቱን የሽያጭ ታክስ ለመጓጓዣ የሚያጥር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነበር፤ በመጋቢት 2002 ከመራጩ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ደገፈው። ነገር ግን የግዛቱ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ገንዘቡ ወደ መጓጓዣ መዛወሩን እንዲያግድ የሚፈቅድ ቀዳዳ ነበረው። የበጀት ችግር ሲመጣ በ2003/04 በከፊል፣ በ2004/05 በሙሉ ታገደ። በ2006 መራጩ በፕሮፖዚሽን 1ኤ ቀዳዳውን አጠበበው። አራት ዓመት ሙሉ የተሟገቱት «ብቻ» እስከ ምን ድረስ ብቻ ነው በሚለው ነበር ብል አልተሳሳትሁም። እኛ ቃሉን በግዴለሽነት ስንጥለው ያሳዝነኛል።

ሌላም እርማት አለ። «ለአውራ ጎዳና ጥገና» ጠባብ ነው። ከ2008/09 ጀምሮ የታሰበው ድልድል 40 በመቶ ለግዛቱ የመጓጓዣ ፕሮጀክቶች፣ 40 በመቶ ለከተሞችና ለካውንቲዎች መንገዶች፣ 20 በመቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ነበር። ስለዚህ «ለመጓጓዣ» ይበሉ። «ጥገና» ካሉም «ጠገነ» የተሰበረን ለሚያቀና ሥራ፣ ለወጌሻ ጭምር፣ የሚነገር መሆኑን ያስታውሱ፤ አዲስ መንገድ መሥራትን አይጨምርም።

«ታክስ»ን በተመለከተ ልቤ ከ«ግብር» ጋር ነው። «ገብረ» ሠራ ነው፤ «ግብር» ሥራም፣ ለመንግሥት የሚከፈልም፣ ንጉሥ የሚያበላው ድግስም ሆኖ የኖረ ቃል ነው። ይህን የሚያህል ሀብት እያለን መዋስ አልወድም። ሆኖም ሕጎቻችን ከገቢ የሚከፈለውን «የገቢ ግብር»፣ በዕቃ ዋጋ ላይ የሚታከለውን «ተጨማሪ እሴት ታክስ» እና «ኤክሳይስ ታክስ» ብለው ለይተዋል፤ ነጋዴውም ለምዶታል። ልዩነቱ ጠቃሚ ስለሆነ እየከበደኝም ቢሆን እቀበላለሁ። «ቀረጥ» ይባል የሚሉት ግን አያሳምኑኝም፤ ቀረጥ የኬላና የጉምሩክ ነው።

«ቤንዚን» ባዕድ ነው ብለው እንዳይሸማቀቁ። ዐረቦች የጃዋን ዕጣን «ሉባን ጃዊ» ይሉታል። አውሮፓውያን «ሉ»ን ከስም በፊት የምትገባ፣ እንደ እንግሊዝኛው «the» ያለች አመልካች ቃል መስሏቸው ጣሏት፤ የቀረውን «ቤንዞይን» አደረጉት፤ የጀርመን ኬሚስቶች ከዚያ «ቤንዚን»ን አወጡ። እኛ ዘንድ ያው የዐረብኛ ቃል ከነ«ሉ»ው ገብቶ «ሉባንጃ» ሆኖ ከዕጣንና ከከርቤ ጎን ይጨሳል። ማደያው የሚሸጠውና ቡና ስናፈላ የምናጨሰው በስም ዘመዳሞች ናቸው። ለጥያቄዎ አያስፈልግም፤ ግን ሳልነግርዎ ማለፍ አልቻልሁም።

የቀረው «ሕዝበ ውሳኔ» ነው። ሁለት ስሞች በግዕዝ ሥርዓት ሲናበቡ ባለንብረቱ ኋላ ይመጣል፦ «ቤተ ንጉሥ» የንጉሥ ቤት፣ «ሕዝበ ክርስቲያን» የክርስቲያን ሕዝብ። በዚህ ሚዛን «ሕዝበ ውሳኔ» የውሳኔ ሕዝብ እንጂ የሕዝብ ውሳኔ አይደለም፤ ትክክለኛው «ውሳኔ ሕዝብ» ነበር። «ነበር» ያልሁት ወድጄ አይደለም፤ የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 39 «ሕዝበ ውሳኔ» ብሎ ጽፎታል፣ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ተከትሎታል። እኔ በራሴ ጽሑፍ «ውሳኔ ሕዝብ» እላለሁ፤ የእርስዎ አንባቢዎች ግን የሚያውቁትን ይስጧቸው። አንድ ነገር ብቻ ይለዩ፤ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ አሰጣጡ ነው፣ የሚጠይቀው የቀረበው ሐሳብ ነው።

እንዲህ ቢታተም እስማማለሁ፦ «ከቤንዚን የሽያጭ ታክስ የሚገኘው ገቢ ለመጓጓዣ ብቻ እንዲውል ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበ ሐሳብ።» የማገጃውን ቀዳዳ በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ይጨምሩበት።