የሆንዳ ፊት ቸርኬ ለቪትዝ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ የሆንዳ ፊት (Fit የምትባለው መኪና) ቸርኬ ለቶዮታ ቪትዝህ ይሆን እንደሆነ ጠይቀሃል። ብሎኑ ይገጥማል። ሁለቱም 4 በ100 ናቸው፤ 4 ብሎን፣ በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ። ጣጣው መሃሉ ላይ ነው። የሆንዳው የመሃል ቀዳዳ 56.1፣ የቪትዙ ሞዞ (ቸርኬው የሚሰካበት የመሃል ክፍል) 54.1 ሚሊሜትር ነው። ይገባል፣ ግን ይላላል። ማጥበቂያ ቀለበት ካላስገባህ ፍጥነት ስትጨምር መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ጊዜ ባላንስ አሠርቻለሁ፤ ብሬን በላኝ!

ዳዶውንም አትርሳ። ጥርሱ አንድ ነው፣ 12 በ1.5 (ውፍረቱ 12፣ በጥርሶቹ መካከል 1.5 ሚሊሜትር)። ግን የሆንዳ ኦሪጅናል ቸርኬ የዳዶ መቀመጫው ድቡልቡል ስለሆነ የቶዮታው ዳዶ በደንብ አይቀመጥበትም። የሆንዳውን ዳዶ አብረህ ግዛ።

ከመክፈልህ በፊት አንዱን ከፊት በኩል ግጠምና መሪውን እስከ መጨረሻው አዙር፤ የሚነካው ነገር እንዳለ እይ። ሻጩ እምቢ ካለ ተወው።