የመሥሪያ ቤት ኮሜዲ ለመጻፍ ላሰባችሁ

ውድ ወጣት ደራስያን፣

ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ኮሜዲ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ የቀረ ሠራተኛና «ነገ ተመለሱ» የሚል መልስ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ሙሉ ተከታታይ ድራማ አይሸከሙም። ሰነፍ ገጸ ባሕርይ የሚፈልገው ነገር የለውም። የሚፈልገው ከሌለው እንቅፋት አያገኘውም፤ ታሪኩም በሦስተኛው ክፍል ይደርቃል።

«ፓርክስ ኤንድ ሪክሪኤሽን»ን እንድታጠኑት የምመክረው ለዚህ ነው። ግሬግ ዳንኤልስና ማይክል ሹር የፈጠሩት ይህ ሲትኮም (ያው ገጸ ባሕርያት በየክፍሉ የሚመለሱበት የቴሌቪዥን ኮሜዲ) እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን በ7 ምዕራፍ 125 ክፍል ታይቷል። መቼቱ በአሜሪካ ኢንዲያና ክልል ውስጥ ያለች ፖኒ የተባለች የፈጠራ ከተማ፣ በተለይም የከተማዋ የመናፈሻ መምሪያ ነው። ኤሚ ፖለር የምትጫወታት ሌስሊ ኖፕ የመምሪያው ምክትል ኃላፊ ናት፤ ሥራዋን ከልቧ ትወዳለች።

የመጀመሪያው ምዕራፍ 6 ክፍል ብቻ ነበር፤ አቀባበሉም ቀዝቀዝ ያለ። ሌስሊ ጉጉቷ ከችሎታዋ የበለጠ፣ ባልደረቦቿ የሚታዘቧት ሴት መስላ ነበር። በሁለተኛው ምዕራፍ ያስተካከሉት በዋናነት ሌሎቹ እሷን የሚያዩበትን ዓይን ነው። ታታሪነቷን ማክበር ጀመሩ፤ ተመልካቹም አብሯቸው አከበራት። የእናንተም ረቂቅ ካልሠራ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ከመቀየራችሁ በፊት በዙሪያዋ ያሉት የሚሰጧትን ምላሽ እንደገና ጻፉት።

አለቃዋ ሮን ስዋንሰን መንግሥት የሚባል ነገር እምብዛም ባይኖር የሚወድ ሰው ነው፤ ሆኖም የመንግሥት መምሪያ ይመራል። ጸሐፊዎቹ በዚህ አንድ ውሳኔ በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ የሚነሳውን ክርክር አስቀድመው አዘጋጅተዋል። ሮን ሌስሊን የሚቃወማት በእምነቱ እንጂ በክፋት አይደለም፤ ስለዚህ እርስ በርስ መከባበር ይችላሉ። ክፉ አለቃ ለመጻፍ ይቀላል፤ ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ግን የሚለው አዲስ ነገር ያጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ሳቁ ከአሠራሩ ይውጣ። በሁለተኛው ምዕራፍ ሌስሊ መናፈሻ ልታደርገው የተመኘችውን ጉድጓድ በአፈር ልታስደፍን ትነሳለች። ውስጡ የነበረ አንዲ የተባለ ገጸ ባሕርይ ይጎዳል፤ የከተማው ጠበቃም ይቅርታ እንዳትጠይቅ ይከለክላታል፣ ይቅርታ በክስ ላይ ጥፋትን እንደ ማመን ሊቆጠር ይችላልና። ደግ ሴት ይቅርታ መጠየቅ ተከለከለች! ይህን ቀልድ የሚፈጥረው ሕጉ ነው፤ ተዋናዩ ፊቱን ማጣመም አያስፈልገውም።

እኛም ዘንድ ቁሳቁሱ ሞልቷል። የአንድ ማመልከቻ ጉዞ ተከተሉ፦ መዝገብ ቤት ገቢ ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፎ ለባለሙያ ይመራዋል፣ ባለሙያው መልስ ያረቅቃል፣ ይተየባል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ያርፍበታል፣ ወጪ ይሆናል። በየደረጃው የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው አስቀምጡ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ሲሆን፣ ማህተም ያዢዋ ያለ ፊርማ አልመታም ስትል፣ ባለጉዳዩ ደግሞ ቀነ ገደቡ ዛሬ ሲሆን ትዕይንቱ ራሱ ይጻፋል። ማህተም ያዢዋን አታዋርዷት፤ እሷም ልክ ናት።

የአሜሪካ የግማሽ ሰዓት ሲትኮም ማስታወቂያው ሲወጣ 22 ደቂቃ አካባቢ ይቀረዋል። በዚያ ውስጥ አንድ ዋና ታሪክና አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ታሪኮች ይበቃሉ። ጀማሪ አምስት ያስገባና አንዱንም ሳይቋጭ ሰዓቱ ያልቃል። ገጸ ባሕርይ ለካሜራ ብቻውን የሚናገርበት ስልት ደግሞ የሚጠቅመው ቢሮ ውስጥ የተናገረውን የሚያፈርስ ነገር ሲናገር ነው። ያየነውን መልሶ ከተረከልን ቁረጡት።

ምዕራፉን የሚያያይዝ፣ ካልተሳካ ብዙ የሚያሳጣ ትልቅ ጉዳይም ስጡት። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ከተማዋ ገንዘብ ታጣለች፣ ሁለት የበጀት መርማሪዎች ከክልሉ መንግሥት ይመጣሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ለጊዜው ይዘጋል። በሦስተኛው ሌስሊ የመምሪያውን ህልውና በአንድ የመከር ፌስቲቫል ላይ ታስይዛለች። ከዚያ በኋላ ለፌስቲቫሉ የሚደረግ ትንሽ ስልክ እንኳ ይከብዳል።

ረቂቃችሁ ሲያልቅ ከዳይሬክተር በፊት ለአንድ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አስነብቡት። «ይህ ደብዳቤ ያለ ቁጥር እዚህ ጠረጴዛ አይደርስም» ካለ፣ ትዕይንቱን ከዚያ ጠረጴዛ ጀምራችሁ እንደገና ጻፉት።